ፕሮቲኑ ከባልዲው ሥር አይገኝም

ለችብስ የተከተፈ ድንች ሲታጠብ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በገለምሶም ሆነ በጭሮ፣ ከባልዲው ሥር ነጭ ነገር ይዘቅጣል፤ ላዩ ደግሞ አረፋ ይይዛል። ብዙ ሰው ዝቃጩን የድንቹ ፕሮቲን፣ አረፋውን እድፍ ያደርገዋል። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ነጩ ዝቃጭ ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ አይዘቅጥም፣ አረፋውንም በአብዛኛው የሚያስነሳው እሱ ነው። «ድንች ፕሮቲን የለውም» የሚባለውም ከመጠኑ ማነስ የመጣ ነው። ከጥሬ ድንች ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጥራቱ ግን ከእህል ይበልጣል፤ ማሽላና በቆሎ የሚያንሳቸው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በድንች ፕሮቲን ውስጥ በደንብ አለ። ማሽላ ለሚበላ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ውሃውን አፍልቶ ፕሮቲኑን ማውጣት አይቻልም? ይቻላል፣ ግን የትኛውን ውሃ? በኔዘርላንድ የድንች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ የሆነው አቬቤ የሚጠቀመው ድንቹ ለስታርች ሲፈጭ የሚወጣውን ወፍራም ጭማቂ ነው። ጭማቂው በአሲድና በእንፋሎት ሲሞቅ ፕሮቲኑ ከአሬራ እንደሚወጣ አይብ ይረጋል፤ ተጣርቶና ደርቆ ለእንስሳት መኖ ይውላል። ወደዚህ የገፋቸው ትርፍ ብቻ አይመስለኝም፤ የግሮኒንገን አካባቢ ቦዮች በስታርች ፋብሪካዎች ፍሳሽ ለአሥርት ዓመታት አረፋ ለብሰውና ገምተው ነበር። ከተከተፈ ድንች እጥበት የሚገኘው ግን ቢላዋ ከነካው ገጽ የወጣው ብቻ ስለሆነ እጅግ ቀጭን ነው። ችብስ ጠባሹ ባልዲውን ቢያፈላ የማገዶው ወጪ ከሚያገኘው ይበልጥበታል።

«ከፈላ በኋላ መርዝ የለውም» የሚለውም ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ሙቀት የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውኩትን ንጥረ ነገሮች ያዳክማል፤ የድንች መርዞቹ ሶላኒንና ቻኮኒን ግን በውሃ መፍላት አይጠፉም፣ ከረጋው ፕሮቲን ጋርም ይቀራሉ። አቬቤ በ2007 እ.ኤ.አ. ሶላኒክ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ፕሮቲኑን ሳያረጋ ለይቶ ለሰው ምግብ ለማዋል ነው። ይህ የሀብታም አገር ቴክኖሎጂ ነው የሚል ሰው ለሰው ምግብ ከሆነ ልክ ነው። ለመኖ የሚሆነው ግን ከአሲድ፣ ከእንፋሎትና ከማጣሪያ ብዙ አይዘልም፤ የሚያስፈልገው በየቀኑ ብዙ ድንች የሚፈጭ የስታርች ፋብሪካ ነው። ሐረርጌ ለድንች እንግዳ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ዝርያ ስሙ ራሱ «ጭሮ» ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ እስኪኖር ግን ከባልዲው የሚያዋጣው ዝቃጩን አድርቆ ለስታርችነት መጠቀም ነው፤ ፕሮቲኑን የፈለገ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሎ ይብላ፣ አረንጓዴ የሆነውን ግን ያስወግድ።