ያልተጠየቀ አይሰጥም

ደግ ሥራ ባየን ቁጥር ከምስጋናው ቀጥሎ የሚመጣው ጥርጣሬ ነው። በቴሌቪዥን ቀርቦ ሚሊዮን ብር የለገሰው ባለሀብት «ስሙን ሊያድስ ነው» ይባላል። በቲክቶክ ለሕመምተኛ ገንዘብ የሚያሰባስበው ወጣት «ተከታይ ፍለጋ ነው» ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንቲም የምታድለው እናት እንኳ «ለነፍሷ ብላ ነው» ተብላ ትታለፋለች። ክርክሩ አሮጌ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ለአንድ አዛውንት ለማኝ ሲመጸውት ያየ ቄስ ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ የሽማግሌው ጉስቁልና እሱንም ስላስጨነቀው እንደሰጠና በመስጠቱም ሁለቱም እንደቀለላቸው መለሰ ይባላል። በዚህ መልስ ተደግፎ «ለሌላው ብሎ የሚሰጥ የለም» የሚል እስከ ዛሬ አይጠፋም። የሚረታውም የለም፤ ሰጪው ልብ ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው ስለሌለ።

ጥያቄውን ከልብ ወደ ክንድ ብናወርደው ግን ትንሽ ጥራት ያገኛል። ስለ ደም ልገሳ ነው የማወራው። ለለማኝ ስንሰጥ ፊቱን እናያለን፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይለናል። ደም ስንሰጥ ቅጽ እንሞላለን፣ ክብደታችንና የደም ግፊታችን ይለካል፣ ከጣታችን ጫፍ ጠብታ ይወሰዳል። ከዚያ ክንዳችንን ዘርግተን፣ የተሰጠችንን ኳስ እየጨበጥን እየለቀቅን 10 ደቂቃ ያህል እንተኛለን። 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሞላ መርፌው ይነቀላል፣ ጥጥ ይጫናል፣ ብስኩትና ለስላሳ ይቀርባል፤ አለቀ። ደሙ የማንን ነፍስ እንዳተረፈ አናውቅም። ተቀባዩም እኛን አያውቅም። ለማያውቁት ሰው መስጠት የሚባል ነገር ካለ፣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝለትም።

ታዲያ ጥያቄው በየጊዜው የሚያገረሸው ለምንድን ነው? ደም ስለሚያጥር ነው። የኢትዮጵያ ደም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቁሞ፣ በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሯል። ከዚያ ወዲህ ዋናው ለውጥ ከዘመድ ምትክ ደም ወደ በጎ ፈቃደኛ ለጋሽ መሸጋገሩ ነበር። ያም ሆኖ «የደም እጥረት አጋጠመ» የሚለው ዜና አልቀረም። ዜናውን ተከትሎ የሚሰጠው ማብራሪያም በቃል የሚታወቅ ነው፦ ግንዛቤ የለም፤ ሰው መርፌ ይፈራል፤ «ደሜ ካለቀ አይተካም» ብሎ ያምናል፤ መተሳሰብ ቀርቷል። እያንዳንዱ የራሱ እውነት ይኖረዋል። እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት ምክንያት አለ እላለሁ፦ አብዛኛው ሰው ደም ያልሰጠው ስላልተጠየቀ ነው። «ደም ለግሱ» የሚል ፖስተር አይቶ ይሆናል፤ «አንተ፣ ዛሬ፣ እዚህ» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

የእጥረቱን ወቅት ልብ ማለት ይበቃል። የልገሳው አንዱ ትልቅ ምሰሶ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ደም ይቀንሳል። ተማሪው ሰኔ ላይ ሩኅሩኅ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ጨከነ ማለት አይደለም። ሰኔ ላይ የደም ባንኩ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር፤ ጓደኛው «ና እንስጥ» ብሎ ጎትቶታል፤ ክፍለ ጊዜውም ባዶ ነበር። ሐምሌ ላይ መኪናዋም ጓደኛውም የሉም። በተቃራኒው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቱን ሰብስቦ የአረጋውያንን ቤት ሲያስጠግን፣ ችግኝ ሲያስተክል፣ በዚያው ደም ሲያስለግስ ሰው ይገኛል። «ለሰርተፍኬት ነው»፣ «ቀበሌ አዞት ነው» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ግን የዚያው ወጣት ልብ በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር፤ የተለወጠው መጠየቁ ነው።

ይህን የሚያጠናክር አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያቀርቡ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጎንብሶ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል። ገሚሶቹ ሊናገሩ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። ይህ ግን እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አላመጣም። ልዩነት ያመጣው ጥድፊያው ነው። «ረፍዶብሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ከ100 10 ብቻ ሲረዱት፣ ጊዜ ካላቸው መካከል ግን ከ100 63 የሚሆኑት ቆመው ረዱት። ስለ ምሕረት ሊሰብክ የሚሄድ ሰው የሚያቃስት ሰው አልፎ ከሄደ፣ የሰውን ደግነት የምንለካው ምኑን እያየን ነው?

በሌላ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ የገና ሰሞን ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ሰብሳቢዎች ሱፐርማርኬት በር ላይ ቆሙ። ዝም ብለው ደወል ብቻ ሲያቃጭሉ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነበር። ዓይን ዓይኑን እያዩ «እባክዎ ይርዱ» ሲሉት ሰጪው በእጅጉ ጨመረ፤ ከሰብሳቢው ለማምለጥ በሌላው በር የሚገባውም ጨመረ። ያው ሰው ሲጠየቅ ይሰጣል፤ መጠየቁን ግን ይሸሻል። እኛም ብንሆን ከሩቅ የእርዳታ ጠያቂ ድምፅ ማጉያ ስንሰማ መንገድ የምንሻገረው ጨካኝ ስለሆንን አይደለም። ፊት ለፊት ከመጣብን እጃችን ኪሳችን እንደሚገባ እናውቀዋለን።

ይህን ያበሻ ሰው ከጥናቱ በፊት ያውቀዋል። እድር አባሉን «ከልብህ ነው ወይ የመጣኸው?» ብሎ አይጠይቅም። ሌሊት ጥሩንባ ያስነፋል፣ ድንኳን ያስተክላል፣ የቀረውን ይቀጣል። ለቀስተኛው አንዱ አዝኖ፣ አንዱ ቅጣት ፈርቶ፣ አንዱም «ነግ በእኔ» ብሎ ይመጣል። ሬሳው ግን ቀባሪ አጥቶ አያውቅም። ደም ባንኩ ያጣው ይህንን ጥሩንባ ነው።

ለመሆኑ የሰጪው ሐሳብ ጨርሶ አያገባንም? በአንድ ነገር ያገባናል፤ ነገሩ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው። በሪፈር ከገጠር አዲስ አበባ የደረሰች፣ ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት እናስብ። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው፤ ቀጠሮም አይሰጥም። መደርደሪያው ባዶ ከሆነ አስታማሚዎቿ «ዘመድ አምጡ» ይባላሉ። ባሏና ወንድሟ ከተማው ውስጥ የሚያውቁት ሰው የለም፤ ያላቸው ስልክና ጥቂት ብር ነው። የምትክ ደም አሠራር ባለበት አገር ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። «የአጎቷ ልጅ ነኝ» ብሎ የሚተኛ፣ ማታ ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበል ሰው ይገኛል።

እንዲህ ያለው ሰው ቅጹ ላይ «በቅርቡ ታመህ ነበር? ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር ገጥሞሃል?» ሲባል እውነቱን የማይናገርበት በቂ ምክንያት አለው። እውነቱን ከተናገረ ብሩ ይቀርበታል። እውነተኛው ዘመድም ቢሆን እህቱ እየሞተችበት «እኔ አልችልም» ብሎ መውጣት ይከብደዋል። ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ሆኖም በቅርቡ የተያዘ ሰው ምርመራው ላይ ሳይታይ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው የለጋሹ ሐቀኝነት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ ደም ላይ የሙጥኝ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከለጋሹ የሚፈለገው ንጽሕና እንግዲህ የመላእክት አይደለም። ቅጹ ላይ የሚዋሽበት ምክንያት አይኑረው፤ በቃ። ለጽድቅ ይስጥ፣ ጓደኛው ፊት ላለማፈር ይስጥ፣ የደም ዓይነቱን ለማወቅ ይስጥ፣ እውነት እስከተናገረ ድረስ ደሙ ያው ነው።

«ታዲያ ለምን በግልጽ አይከፈልም?» የሚል ይኖራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቲትመስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ በነጻ የሚሰበሰበውን የብሪታንያን ደም ከሚሸጠው የአሜሪካ ደም ጋር አነጻጽሮ፣ ክፍያ ደሙንም ያበላሻል፣ ለጋሹንም ያርቃል ብሎ ተከራከረ። ኢኮኖሚስቶች ለረጅም ጊዜ አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ከስዊድን ከተማ ከጎተንበርግ የታተመ ሙከራ ገሚስ እውነቱን ሰጠው። ለጋሽ ለመሆን 50 ክሮኖር ሲቀርብ ፈቃደኛ የሆኑት ሴቶች ቁጥር ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን አሽቆለቆለ። ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ማስተላለፍ እንደሚችሉ ሲነገራቸው ግን ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወንዶቹ ላይ እምብዛም ለውጥ አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው ሰው በሥራው ስለ ራሱ የሚያየው ነገር እንደሚገደው ነው። «ለ50 ክሮኖር ደሜን ሸጥኩ» ማለት አይፈልግም። ራሱን እንደ ደግ ማየት መፈለጉ ራስ ወዳድነት ከተባለ፣ እንዲህ ያለ ራስ ወዳድ ይብዛልን።

ደግነትን በልብ ስሜት የመለካት ትልቁ መዘዝ ግን ልብ የሚነካ አጋጣሚ እየጠበቁ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 አሜሪካ ስትመታ ሰው ደም ሊሰጥ ረጅም ሰልፍ ሠራ። ከአደጋው የተረፉት ቁስለኞች ግን ጥቂት ነበሩ፤ ከተሰበሰበው ብዙ ሺህ ከረጢት ጊዜው አልፎበት ተጣለ። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከ5 እስከ 6 ሳምንት፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። የካንሰር ሕመምተኛው ፕላትሌት የሚያስፈልገው ደግሞ ሀገር በተላቀሰ ማግስት ብቻ አይደለም፤ ማንም ምንም ባልሰማበት ማክሰኞም ያስፈልገዋል። ስሜት ደም የሚያመጣው በአንድ ጊዜ አጉርፎ ነው፤ ሆስፒታል የሚፈልገው ግን በየሳምንቱ እኩል የሚመጣ ደም ነው። በየ3 ወሩ የሚመለስ አንድ ቸልተኛ መሳይ ለጋሽ፣ አንዴ አልቅሶ ሰጥቶ ከሚጠፋ ሦስት ሰው ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት አውስትራሊያዊ ጄምስ ሃሪሰን 1,173 ጊዜ ለግሰዋል። በ14 ዓመታቸው ደረታቸው ተከፍቶ በሰው ደም ስለዳኑ፣ 18 ሲሞላቸው ጀምረው 81 ዓመታቸው ድረስ ቀጠሉ። መርፌው ሲገባ ግን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም፤ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ብድር መመለስ ነው? ልማድ ነው? ደግነት ነው? ፕላዝማቸው በርካታ ሕፃናትን ያተረፈ መድኃኒት ተሠርቶበታል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ቢታወቅ ለአንዱም ሕፃን የሚጨምርለት ነገር የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ሰው ደም መስጠት ጠላ» የሚል ዜና ሲመጣ፣ ሕዝቡን ከመውቀሳችን በፊት ወደ ጠያቂው ዞር ማለት አለብን። ባለፈው ዓመት የሰጠው ሰው ሦስት ወሩ ሲሞላ ተደወለለት? ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ መኪናዋ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ባንኩ፣ ወደ ገበያው ሄደች? በሑዳዴና በረመዳን ሰው ሲጾም ሰዓቱና ቦታው ተለወጠለት? የመልካም ልብ ማነስ ሰበብ የሚሆነው እነዚህ ሁሉ ተደርገው ሰው አልመጣ ሲል ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ሰው መኖር አለመኖሩ ሳይሆን፣ የሚጠይቀው ሰው ቀጠሮ ማክበር አለማክበሩ ነው ሊያከራክረን የሚገባው።