«ደሴ» በሜዲትራንያን ወለል፦ የኢትዮጵያን ስም ይዘው የሰመጡ የጦር መርከቦች

በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ የምትገኘው ውጫሌ ከባሕር ጠረፍ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የራቀች የተራራ አገር ከተማ ብትሆንም፣ የኢትዮጵያ የባሕር ታሪክ ሲነገር ስሟ የሚታለፍ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የዐድዋን ጦርነት ባስከተለው በ17ኛው አንቀጹ ቢሆንም፣ ድንበሩን ከባሕሩ ዳር ከአራፋሌ አንሥቶ ወደ ደጋው እንዲወጣ ያደረገው 3ኛው አንቀጽ፣ ኢጣልያ ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ በጦር ይዛው የነበረውን የምጽዋን ጠረፍ በፊርማ ያጸናላት ነበር። ውሉ ከተፈረመ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም.፣ የኤርትራ ቅኝ ግዛት ታወጀ፤ ምጽዋም የኢጣልያ የቀይ ባሕር ወደብ ሆነች። ከዚያ ወደብና ከኢጣልያ ወደቦች ተነሥተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ውስጥ ከቀሩት መርከቦች መካከል ደሴ፣ መቀሌ፣ ዐድዋ፣ አክሱምና ጎንደር የሚባሉ መኖራቸውን ግን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የመርከብ መስመጥ ሲባል በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው አደጋ ሲሆን፣ ማዕበል፣ ጭጋግ፣ ከባሕር ወለል የተነሣ የዛጎል ድንጋይ ወይም የመርከቡ የራሱ ብልሽት የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው በጠላት እጅ የሚደርሰው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ባለቤቶቹ መርከቡን ጠላት እንዳይጠቀምበት ወይም ወደቡን እንዲዘጋላቸው ሆን ብለው ውኃ ሲያስገቡበት ነው። በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ባሕር የሦስቱም ዓይነት ምሳሌ አለ።

ጥንታዊው ምሳሌ ከአክሱም ዘመን ነው። በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ በምትገኝ ጥቁር አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት ሥር፣ ጠላቂዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያገኙት የመርከብ ቅሪት፣ ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የሰመጠ ሲሆን፣ ጭነቱ በሁለት ጆሮ የሚያዙ፣ ወይንና ዘይት የሚጓዝባቸው ረዣዥም የሸክላ እንስራዎች ነበሩ። ተመሳሳይ እንስራዎች በአዱሊስ፣ በመጠራና በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች ተገኝተዋል፤ የተሠሩትም በዛሬዋ ዐቀባ አካባቢ ነው። ስለዚህ በደጋው ከተማ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን የቀረበው ወይን በየትኛው መንገድ እንደመጣ ከሚያስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሳይደርስ የቀረው ጭነት ነው። ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሂምያር፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ የመን ሲዘምቱ ሠራዊታቸውን ያሻገሩትም በዚሁ ባሕር ነው፤ በዘመኑ የተጻፈ የሰማዕታት ገድል ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ወደቦች ተሰብስበው በአዱሊስ ወደብ የቆሙትን መርከቦች 60 ያደርሳቸዋል።

የደጋው ሕዝብም ቢሆን በውኃ ላይ የሚደረግን ጦርነት ጨርሶ የማያውቅ አልነበረም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘ ልሳነ ምድር ላይ ቢሆንም፣ ቀድሞ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ሠራዊት አካባቢውን ሲይዝ ወደ ደሴቲቱ ለመሻገር እንጨት አጋጥሞ ታንኳ መሥራት እንዳስፈለገው፣ የደሴቲቱም ሰዎች በመጨረሻ ሀብታቸውን አስረክበው እንደታረቁ የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ፉቱሕ አል ሐበሻ ይተርካል።

ወደ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስንመለስ፣ የነገሩ መነሻ የስም አወጣጥ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ የባሕር ኃይል በ1928 ዓ.ም. መሥራት ለጀመራቸው 17 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ስም ያወጣው በምሥራቅ አፍሪካ ከያዛቸው ወይም ከተዋጋባቸው ቦታዎች ነበር። ዐድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ አላጌ፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ነገሌና ደገሃቡር በዚህ መንገድ በመርከብ ጎን ላይ ተጻፉ፤ ከሶማሊያና ከኤርትራ የተወሰዱ ስሞችም ተጨመሩ። ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ለኢትዮጵያ ቤተሰቦች የሐዘን ስሞች ናቸው። በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ከማይጨው ጦርነት የተመለሰው ሠራዊት ከአውሮፕላን በሚወርድ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አልቋል። ደሴም ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩበት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደብድባ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ጦር ተያዘች። ዓመት ሳይሞላም በኢጣልያ ደቡብ ጫፍ በታራንቶ የመርከብ መሥሪያ «ደሴ» የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ውኃ ላይ ዋለች።

ሰርጓጅ መርከብ እንዴት እንደምትሠራ በአጭሩ ቢገለጽ የ«ደሴ» መጨረሻ ይበልጥ ይገባል። «ደሴ» 60 ሜትር ያህል ርዝመትና 700 ቶን ያህል ክብደት ነበራት፤ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችና ከፊትና ከኋላ በስድስት አፈሙዝ የሚተኮሱ ቶርፔዶዎች፣ ማለትም በራሳቸው ሞተር በውኃ ውስጥ የሚጓዙ ፈንጂዎች ትይዝ ነበር። በውኃው ገጽ ላይ ስትሆን በናፍጣ ሞተር ትሄዳለች። ለመጥለቅ ስትፈልግ በጎኖቿ ያሉትን ባዶ ጋኖች ውኃ ትሞላቸዋለች፤ ሞተሩ አየር ስለሚፈልግም ታጠፋውና በባትሪ ትጓዛለች። ለመነሣት ደግሞ ውኃውን በታመቀ አየር ገፍታ ታስወጣዋለች። ባትሪውና የታመቀው አየር ሁለቱም የሚያልቁ በመሆናቸው፣ ጠላት ከላይ ሆኖ ለረጅም ሰዓት ከጠበቃት መውጣቷ አይቀርም። ጥልቀቱም ወሰን አለው፤ የእነዚህ መርከቦች አካል እንዲችል ተደርጎ የተሠራው የ80 ሜትር ውኃን ግፊት ሲሆን፣ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ራሱ በጥልቁ ቦታ ከዚህ ይበልጣል። ሜዲትራንያን ግን በብዙ ቦታ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ይጠልቃል፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያዋ የተበላሸ መርከብ የባሕሩን ወለል ከመንካቷ በፊት በውኃው ግፊት ትጨፈለቃለች።

በጥቅምት መጨረሻ 1935 ዓ.ም. የእንግሊዝና የአሜሪካ ሠራዊት በአልጄሪያና በሞሮኮ ጠረፍ ሲወርድ፣ የኢጣልያ ሰርጓጅ መርከቦች ስንቅና መሣሪያ የሚያመላልሱትን መርከቦች እንዲያጠቁ ወደዚያ ተላኩ። «ደሴ» ከአልጄሪያ ወደብ ከቦን፣ ከዛሬዋ አናባ፣ በስተሰሜን ሳለች ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. ኩዌንቲን የተባለው የእንግሊዝና ኩዊበሮን የተባለው የአውስትራልያ አጥፊ መርከብ አገኟት። አጥፊ መርከብ ማለት ፈጣን፣ ቀላል ጋሻ ያለው፣ ሌሎችን መርከቦች የሚጠብቅ የጦር መርከብ ነው፤ በውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን በመስማት የተደበቀውን የሚያገኝ ሶናር የሚባል መሣሪያ፣ እንዲሁም በተወሰነ ጥልቀት የሚፈነዱ የጥልቀት ቦምቦች አሉት። «ደሴ» በእነዚህ ቦምቦች ተመትታ ከነመርከበኞቿ ሰመጠች፤ የተረፈ ሰው አልነበረም። ካሰመጧት አንዱ የሆነው ኩዌንቲንም ከአራት ቀን በኋላ በዚያው አካባቢ ከአውሮፕላን በተጣለ ቶርፔዶ ሰመጠ።

የእህቶቿ ዕጣ ጦርነት መርከብን በስንት መንገድ እንደሚያጠፋ ያሳያል። ከሁሉ አስቀድማ የጠፋችው «መቀሌ» ስትሆን፣ ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ በገባች ሰሞን ከምጽዋ ተነሥታ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዳ ነበር። የቀይ ባሕር ሙቀት እንዲቀንስ አየሩን በሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ውስጥ የነበረው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ፣ እንዳለ በቀላሉ የማይታወቅ መርዛማ ጋዝ ሾልኮ መርከበኞቹን አእምሯቸውን አሳታቸው፤ መንገዷን መምራት የተሳናቸው መርከብም ሰኔ 8 ቀን ከዛጎል ድንጋይ ላይ ወጥታ ተሰባበረች። ሰዎቹ ውኃ በሌለበት ደሴት ላይ ተጠልለው ቆይተው በሌላ ሰርጓጅ መርከብ ተወሰዱ። አንድም የጠላት ጥይት አልተተኮሰባትም። «ጎንደር» መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. በእስክንድርያ አጠገብ፣ «ዐድዋ» ደግሞ ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በምዕራብ ሜዲትራንያን ሰመጡ። «ተምቤን»ና «ደገሃቡር» በውኃው ገጽ ላይ ተገኝተው በእንግሊዝ መርከቦች አፍንጫ ተገጭተው ጠፉ።

ጉዳት ያደረሱም ነበሩ። «ሽሬ» ታኅሣሥ 9 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌሊት በቶርፔዶ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጠው የሚጓዙ ጠላቂዎችን እስክንድርያ ደጃፍ አድርሳ፣ ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በወደቡ ውስጥ እንዳሉ ከጥቅም ውጭ እንዲሆኑ አደረገች፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ግን በሃይፋ አጠገብ እርሷም ሰመጠች፤ የሟቾቹም አጽም ከ42 ዓመት በኋላ ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። «አክሱም» ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደ ማልታ የሚጓዝ አጀብ ላይ በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መታች። «አላጌ» ደግሞ በሰኔ 1934 ዓ.ም. ኡሶዲማሬ የተባለውን የገዛ አገሯን አጥፊ መርከብ በስሕተት አሰመጠች፤ በጨለማና በውኃ ውስጥ ሆኖ ወገንን ከጠላት መለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ከ17ቱ መርከቦች ጦርነቱን በሕይወት የጨረሰችው ይህችው «አላጌ» ብቻ ነበረች።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ባለቤቱ ራሱ የሚያሰምጠው፣ በብዛት የታየው በምጽዋ ነው። በከረን የተሸነፈው የኢጣልያ ጦር ወደብዋን ማዳን እንደማይችል ባወቀ ጊዜ፣ አድሚራል ማርዮ ቦኔቲ በእጃቸው የነበሩትን የጭነትና የጦር መርከቦች በወደቦቹ መግቢያ በመደዳ እንዲሰምጡ፣ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹም በፈንጂ እንዲቀደዱ አዘዙ። እንግሊዞች መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋ ሲገቡ ያገኙት በምሰሶና በጭስ ማውጫ ጫፍ የተሞላ ውኃ ነበር። ከ18 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን፣ የደሴ ከተማም ከኢጣልያ እጅ ወጣች፤ ስለዚህ ሰርጓጇ «ደሴ» ከመስመጧ በፊት አንድ ዓመት ከሰባት ወር ያህል የተጓዘችው ባለቤቶቿ አስቀድመው ያጡትን ከተማ ስም ይዛ ነው። የምጽዋን ወደብ የመክፈቱ ሥራ በ1934 ዓ.ም. ለአሜሪካዊው የባሕር ኃይል መሐንዲስ ለኤድዋርድ ኤልስበርግ ተሰጠ። እርሱም የተቀደደውን ትልቁን መጠገኛ ወለሉን ከመጠገን ይልቅ ከላይ ያሉትን ክፍተቶች ደፍኖ፣ የታመቀ አየር ሞልቶ፣ ውኃው በተቀደደበት በኩል ወደ ታች እንዲወጣ በማድረግ አነሣው። ዘዴው ሰርጓጅ መርከብን የሚያነሣው ያው የታመቀ አየር ጉልበት ነው።

ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ የራሷን የባሕር ኃይል በ1940ዎቹ አቋቁማ ምጽዋን ዋና ሰፈሯ አድርጋ ነበር። ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ከአሜሪካ በ1954 ዓ.ም. የተገኘች ስትሆን፣ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በጦርነት ከተያዘችና የአገሪቱ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ወደ የመን ሸሽታ፣ በመጨረሻ ለብረታ ብረት ተሸጠች። የአገሪቱን ስም የያዘችው መርከብ ተቆራርጣ ስትጠፋ፣ የወራሪው መርከቦች ግን በከፊል ዛሬም በባሕር ወለል አሉ።

በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዩኔስኮ የውኃ ውስጥ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት ቢያንስ 100 ዓመት በውኃ ውስጥ የቆየን የሰው ልጅ አሻራ በቅርስነት ይመለከታል፤ ለንግድ ተብሎ እንዳይነሣ፣ አስቀድሞም ባለበት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። «መቀሌ» በ2032 ዓ.ም.፣ «ደሴ» በ2035 ዓ.ም. እዚያ ዕድሜ ላይ ይደርሳሉ። መርከቦቹ የኢጣልያ ናቸው፣ የሞቱባቸውም ሰዎች የኢጣልያ ልጆች ናቸው፤ ስሞቹ ግን የተወሰዱት ያለ ፈቃዳቸው ከተያዙ ሰዎች አገር ነው። ስለዚህ የታሪካቸው አንድ ግማሽ በሮም የባሕር ኃይል መዝገብ ቢገኝም፣ ሌላው ግማሽ በውጫሌ፣ በደሴ፣ በአሸንጌና በዐድዋ የሚጻፍ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች ባሉ ትምህርት ቤቶችና ሙዚየሞች የጦርነቱ ታሪክ ሲነገር ባሕር ውስጥ የቀረው ምዕራፍ ቢጨመርበት፣ ደጋው ከባሕሩ ታሪክ ውጭ ሆኖ እንደማያውቅ ተማሪው በቀላሉ ይረዳል።