የተኩስ ቅሪት ከተጠርጣሪ እጅ ላይ እንዴት ይነሳል?

ቃታ ሲሳብ የመሣሪያው መርፌ በቀለሁ ግርጌ ያለውን ማቀጣጠያ ይመታል፤ በማቀጣጠያው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት የእርሳስ፣ የባሪየምና የአንቲሞኒ ውህዶች በቅጽበት ነድደው ወደ ትነት ከተለወጡ በኋላ መልሰው ሲቀዘቅዙ፣ አብዛኞቹ ከ10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ፣ የማይበልጡ ድቡልቡል ቅንጣቶች ሆነው በተኳሹ እጅ፣ ፊትና ልብስ ላይ ያርፋሉ። የተኩስ ቅሪት የሚባለው ይህ ነው።

ቅሪቱ በእጅ ላይ አይቆይም። በሕይወት ያለ ሰው እጁን ሲያሻሽ፣ ኪሱ ሲከት ወይም ሲታጠብ ስለሚረግፍ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በጉለሌ ተኩስ ተሰምቶ ተጠርጣሪ ቢያዝ፣ ናሙናው አሻራ ከመስጠቱ በፊት መነሳት ይኖርበታል፤ ይህ ካልተቻለ እጆቹ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናሉ እንጂ ላብ በሚያጠራቅም ፌስታል አይታሰሩም። ናሙና አንሺው አዲስ ጓንት አጥልቆ፣ ካርቦን ያለው ተለጣፊ ገጽ የተገጠመላትን ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከልና በእጅ ጀርባ ላይ ደጋግሞ ከተጫነ በኋላ፣ የቀኙንና የግራውን ለየብቻ ያሽጋል። ሥራውን ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ ባይሠራው ይመረጣል፤ የራሱን መሣሪያ ቅሪት ወደ ተጠርጣሪው ሊያሻግር ይችላልና።

ላቦራቶሪው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ሦስቱን ንጥረ ነገሮች በአንድ ቅንጣት ውስጥ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርዱ መኪኖችን ፍሬን ሸራ የሚቀይር መካኒክ እጅም ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች ሊይዝ ስለሚችል፣ የቅንጣቱ ቅርጽና አብሮት ያለው ብረት ጭምር ይመረመራል። ቅንጣቱ ቢገኝም ሰውየው ተኩሷል ማለት አይደለም፤ ከተኳሽ አጠገብ የቆመም ሆነ የተተኮሰበትን መሣሪያ የነካ ሰው ይኸው ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው በተገኙ ጊዜ ሕዝቡ «ማን ተኮሰ?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ፖሊስም ጳጉሜን 2 ቀን ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታውቋል። በማንኛውም መኪና ውስጥ ጥይት ቢተኮስ ግን ቅሪቱ በሁሉም ተሳፋሪ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል፣ የእጅ ናሙና ብቻውን እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በእንግሊዝ ባሪ ጆርጅ በኮት ኪሱ በተገኘ አንድ የተኩስ ቅሪት ቅንጣት ጭምር እ.ኤ.አ. በ2001 በግድያ ወንጀል ተፈርዶበት፣ ፍርዱ በ2007 ተሽሮ፣ በ2008 በነጻ ተለቋል።

ማን፣ መቼ፣ የት እንዳነሳው ያልተመዘገበ ናሙና በማስረጃነት መቅረብ የለበትም።