ሕጉ ዘግይቶ የሚደርስበት ግቢ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ሆለታ አቅራቢያ፣ እንስሳ ኮቴ የሚባል 77 ሄክታር ስፋት ያለው ማዕከል አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተባብሮ የሚሠራበት ይህ ግቢ ከሕገወጥ ነጋዴና ከግለሰብ እጅ የተወረሱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ሌሎች አውሬዎች መጠለያ ነው። ይህን አይቶ «ሕጉ ሠርቷል» የሚል ሰው አይፈረድበትም። እኔ ግን እዚያ የገባ አቦሸማኔ ሁሉ ሕግ ዘግይቶ የደረሰለት ነው እላለሁ። የአቦሸማኔ ደቦል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል፤ አደን የሚማረውም ያን ጊዜ ነው። ጡት ሳይጥል የተነጠቀ ደቦል ይህን ትምህርት አጥቷልና፣ ከነጋዴ እጅ ቢድንም ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን በሰው እጅ እየተቀለበ ይጨርሳል።

ሕጉ በወረቀት ላይ ደካማ አይደለም። ሳይተስ በመባል የሚታወቀው የዱር እንስሳትና የዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1965 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. አባል ሆነች። ስምምነቱ ከ40,000 በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎችን በሦስት አባሪዎች ይመድባል። በመጀመሪያው አባሪ ያሉት ለመጥፋት የተቃረቡ ናቸው፤ ከጥቂት የተለዩ ፈቃዶች በቀር ከዱር ተይዘው ለንግድ ድንበር መሻገራቸው ክልክል ነው፤ አቦሸማኔም እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው አባሪ ንግዱን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ላኪው አገር ዝርያው እንደማይጎዳ አረጋግጦ ፈቃድ መስጠት አለበት። ለሆለታ ቅርብ በሆነው በመናገሻ ሱባ ደን የሚበቅለው ጥቁር እንጨት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ አባሪ ውስጥ ይገኛል፤ ቅርፊቱ አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ይፈለጋል፣ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ደግሞ ይደርቃል። አገር ውስጥም የዱር እንስሳትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሳይተስ የሚጠብቀው በርን ነው፣ ደቦሉ ግን ከእናቱ የተለየው በሩ ጋ ከመድረሱ ብዙ ቀን ቀድሞ ነው።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ አቦሸማኔ ፍየሉን ስለበላበት ደቦሎቹን ለደላላ የሚሰጥ አርብቶ አደር «እኔ የከሰርኩትን ማን ይክሰኝ?» ቢል እውነት አለው። ሕግ ጠቅሶ እሱን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ደቦሎቹ በሶማሊላንድ ዳርቻ በጀልባ ተጭነው፣ በየመን በኩል አልፈው በባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች ለጌጥ ሲሸጡ፣ ትርፉ የሚከማቸው መሐል ላይ ባሉት ደላሎች እጅ ነው። የጠፋውን ፍየል መካስ፣ በረቱንም ማጠናከር፣ ለአርብቶ አደሩም ለአውሬውም ከዚያ ንግድ ይሻላል።

«ታዲያ እንደ አዞው ለምን አናረባውም?» የሚሉም አሉ። አርባ ምንጭ ላይ አዞ ይረባል፣ ቆዳውም በፈቃድ ይሸጣል። አዞ ግን በአንድ ጊዜ በአሥር የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይጥላል፤ ከሚፈለፈሉት አብዛኞቹ በዱር የሚሞቱ ስለሆኑ የተወሰነውን መሰብሰብ ብዙም አይጎዳም። አቦሸማኔ ግን በሰው እጅ በቀላሉ አይራባም። የህንዱ ንጉሥ አክባር አንድ ሺህ ያህል አቦሸማኔዎች እንደነበሩት ይነገራል፤ ልጁ ጃሃንጊር የመዘገበው ግን አንዲት እናት የወለደቻቸውን ደቦሎች ብቻ ነው። በዱር የቀሩት በዓለም ዙሪያ ወደ 7,000 ገደማ በሆኑበት ዘመን፣ የሚሸጥ ደቦል በአብዛኛው ከዱር የተወሰደ ነው። የተፈቀደ ገበያ ደግሞ ለሕገወጡ ሽፋን ይሰጣል፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በእሳት ሲጋይ ትክክል ነበር የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ገዢው ቤት ድረስ መሄድ አለበት። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬትስ በ2009 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አደገኛ አውሬ በቤታቸው እንዳያኖሩ ከልክላለች። ይህ ክልከላ በየግቢው በር በትክክል ከተፈጸመ፣ በጀልባ የሚጫነው ደቦል ገዢ ያጣል፤ ደላላውንም ወደ አርብቶ አደሩ መንደር የሚያመላልሰው ምክንያት አይኖርም።