ዲፈረንሻል ውሃ ሲጠጣ፦ ላንድክሩዘርና የፎገራ ክረምት

ከባሕር ዳር ተነስቶ ሐሙሲትን አልፎ ወረታ የሚገባ መንገደኛ በክረምት ግራ ቀኙን ቢመለከት የሚያየው ውሃ ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ለሩዙ ደግ ነው። ሲበዛ ግን እንደ 1998 ዓ.ም. ክረምት ሰው ከቤቱ ያፈናቅላል። ጎርፉ መለስተኛ በሆነበት ዓመትም ቢሆን ወደ ናበጋና ዋገጠራ የሚወስደው መንገድ ውሃና ዋልካ ጭቃ ነው። በዚያ መንገድ ገብታ ምጥ የያዛትን እናት የምታወጣው መኪና ብዙ ጊዜ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት።

ውድ አንባቢያን፣ ስለዚህች መኪና ሲወራ ሁልጊዜ የሚወደሰው ሞተሯ ነው። እውነትም ነው። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ቱርቦ የሌለው፣ ያልተወሳሰበና ቻይ ነው። እኔ ግን መጻፍ የፈለግሁት ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያየው ስለ ዲፈረንሻሉ ነው። ምክንያቱም ፎገራ ላይ ቀድሞ ውሃ የሚነካው እሱ ነው።

ዲፈረንሻል ከኋላ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው፣ የድስት ሆድ የመሰለው ብረት ነው። የሞተሩ ጉልበት በካምቢዮ አልፎ፣ በመኪናዋ ሆድ ሥር ባለው ረጅም ዘንግ ይመጣና እዚያ ይደርሳል። ውስጡ ፒኞን የሚባለው ትንሹ ጥርስ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ያዞራል። በሃርድቶፕ የኋላው ኮሮና ስፋቱ 9.5 ኢንች ነው፤ ወደ 24 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፒኞኑ 4.1 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። እስቲ እናስላው፤ መኪናዋ በሰዓት 80 ኪ.ሜ. ስትሄድ ጎማው በደቂቃ 530 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ ፒኞኑ ደግሞ ከ2,100 ጊዜ በላይ። መታጠፊያ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱን በተለያየ ፍጥነት የሚያዞረውም ይኸው ክፍል ነው።

የሁለቱ ጥርሶች አገጣጠም ተራ አይደለም። ፒኞኑ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ ከመገፋፋታቸው ሌላ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ተራ የሞተር ዘይት ይህን ጫና አይችለውም። ስለዚህ ነው ጂ ኤል 5 የሚባል ደረጃ ያለው፣ ድኝና ፎስፈረስ ነክ ቅመም የገባበት ዘይት የሚታዘዘው። ያ የሚከረፋ ሽታው ከዚሁ ቅመም ነው። ውፍረቱን በተመለከተ አምራቹ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እስካልደረሰ ድረስ ኤስ ኤ ኢ 90 ይበቃል ይላል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ላይ ያለችው ወረታ ደግሞ እንዲህ ያለ ብርድ በሕልሟም አታየውም። «ወፍራም ከሆነ ይሻላል» ብሎ 140 መጨመር ለዚህ አገር አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ሲበዛ ወፍራም ዘይት መኪናዋን ያከብዳታል እንጂ። ከኋላ ኤል ኤስ ዲ የሚባለው ዲፈረንሻል ያላት ከሆነች ግን ዘይቱም «ለኤል ኤስ ዲ» ተብሎ የተጻፈበት መሆን አለበት። ለካምቢዮውስ? እሱ የራሱ ትእዛዝ አለው። የዲፈረንሻሉ ዘይት ተረፈ ተብሎ ዝም ብሎ አይጨመርበትም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። የሃርድቶፕ ጎማ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የዲፈረንሻሉ መሐል ከመሬት ያለው ከፍታ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሹፌሩ «ውሃው ጉልበት ብቻ ነው» ብሎ ሲገባ ሞተሩ ደረቅ ነው፣ ዲፈረንሻሉ ግን ጠልቋል! ከደብረ ታቦር በዓለም በር በኩል ስትመጣ የቆየች መኪና ዲፈረንሻሏ ግሏል፤ ውስጡ ያለው አየርም ሞቋል። በዚያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትገባ አየሩ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ከውጪ ይስባል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ቆቡ ካረጀ፣ በመተንፈሻው ወይም በኦይል ሲሉ በኩል የሚሳበው ውሃ ነው።

ውሃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። እንዲህ የሆነ ዘይት ጥርሶቹን በደንብ አይለያቸውም፣ ኩሽኔታዎቹም ይዝጋሉ። ክፋቱ መኪናዋ ያን ቀን ምንም አለማለቷ ነው። ጩኸቱ የሚመጣው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም በሽተኛ ጭና አስፋልት ላይ ስትሮጥ ነው። ያን ጊዜ ዘይት መቀየር አያድናትም፤ ኮሮናና ፒኞን መግዛት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ስትቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ መሙያው ቡሎን ነው። የታችኛውን አፍስሶ የላይኛው እምቢ ቢል ባዶ ዲፈረንሻል ታቅፎ መቅረት ይመጣል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፤ የታችኛውን ትንሽ ላላ ሲያደርጉት ቀድሞ የሚንጠባጠበው ነገሩን ይናገራል። ቡሎኑ ማግኔት ካለው ቀጭን ግራጫ ዝቃጭ ቢይዝ የተለመደ ነው፤ የብረት ፍንካች ከያዘ ግን ጋራዥ መግባት አለባት። አዲሱ ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ይሞላል።

መተንፈሻውስ? ቆቡን አንስቶ ዘይት የሚችል ቀጭን ጎማ ቱቦ መግጠምና ጫፉን ከውሃው በላይ፣ ከፍ ካለ ቦታ ማሰር ይቻላል። ቱቦው ከዘይቱ ይረክሳል። ዘይቱም ቢሆን ለፊትና ለኋላው አንድ ላይ 6 ሊትር አካባቢ ነው። የፊተኛው እንዳይረሳ፤ እሱም በዚያው ውሃ አልፏል።