ክሊቭ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጓሜና ሥር

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክሊቭ የሚባል ግሥ አለ። ትርጓሜውም አንዱን ነገር ኹለት አድርጎ መፍለጥ፥ መሰንጠቅ ነው። ነገር ግን መቍረጥ ኹሉ ክሊቭ አይባልም። ሰው ግንዱን በአግድሙ በመጋዝ ቢቈርጠው ይህ ክሊቭ አይደለም። መጥረቢያውን በቁመቱ አሳርፎ፥ ሽብልቅም አግብቶ፥ እንጨቱ በገዛ ጅማቱ መንገድ ሲለያይ ግን ክሊቭ ይባላል። ስለዚህ በአማርኛ ቈረጠ ከማለት ይልቅ ፈለጠ ማለት ይስማማዋል።

የዚህ ግሥ ወገኖች ብዙ ናቸው። ባለሥጋ አጥንት የሚከተክትበት ሰፊ ቢላዋ ክሊቨር ይባላል። የላምና የበግ ሰኮና ስንጥቅ ስለ ሆነ ክሎቨን ይባላል። የነጭ ሽንኩርትም አንዲት ፍሬ ክሎቭ የምትባለው ከጓደኞቿ ተከፍላ ስለምትወጣ ነው። ቅርንፉድም በእንግሊዝኛ ክሎቭ ይባላል፤ እርሱ ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ መልኩ ምስማር ስለሚመስል ምስማር ከሚል የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ስም ነው።

አልማዝ ፈላጮችም በዚሁ ግሥ ይጠቀማሉ፤ አልማዝ ምንም ጠንካራ ቢሆን በተፈጥሮው የሚሰነጠቅበት መስመር አለውና። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1905 ዓመት በትራንስቫል የተገኘው ኩሊናን የተባለው 3,106 ካራት አልማዝ በ1908 ዓመት በአምስተርዳም ከተማ የተፈለጠው መስመሩ ተጠንቶ ነው።

የሚያስደንቀው ግን ክሊቭ መጣበቅ ማለትም መሆኑ ነው። አንድ ቃል መለየትንም መጣበቅንም እንዴት ይናገራል ቢሉ፥ በሥሩ አንድ ቃል አልነበረም። ከ1,000 ዓመት በፊት እንግሊዞች መፍለጥን ክሌኦፋን፥ መጣበቅን ክሊፊያን ይሉ ነበር። ከዘመን ብዛት የኹለቱ ድምፅ ተቀራርቦ አንድ ሆነ፤ ጽሕፈታቸውም አንድ ሆነ። ሆላንዶች ግን መፍለጥን ክሊቨን፥ መጣበቅን ክሌቨን ብለው ለይተው ይዘዋል።

ግሥ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በግእዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፥ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌላውን ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ዛሬ በአነጋገር ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ ፊደላቸው ግን ይለያቸዋል። እንግሊዝኛው ይህ መለያ ፊደል ስለ ሌለው አንባቢው ተቸገረ።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1611 ዓመት በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት ኹለቱም ግሦች ይገኛሉ። በምዕራፍ 2 ባል ከሚስቱ ጋራ ስለ መጣበቁ በተነገረበት ስፍራ አንዱ አለ፤ በምዕራፍ 22 አብርሃም ለመሥዋዕት እንጨት ስለ መፍለጡ በተነገረበት ስፍራ ሌላው አለ። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የፊተኛውን ትርጓሜ ብቻ የሚቀዳ ተማሪ፥ ባል ሚስቱን ይፈልጣል ብሎ ይተረጕማል፤ የጋብቻውንም ትእዛዝ ወደ ግድያ ይለውጠዋል።

መለያው ቀላል ነው። ከግሡ በኋላ ወደ የሚያሰኝ ቱ የተባለ ቃል ቢከተል መጣበቅ ነው፤ የሚሰነጠቀው ነገር ወዲያው ቢከተል ግን መፍለጥ ነው። እንግዲህ ተማሪ የባዕድ ቋንቋ ሲተረጕም ቃሉን ለብቻው አንሥቶ አይፍረድ፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንብቦ፥ ሥሩንም መርምሮ ይፍታ።