ስለ ግሉታሜት በአትክልትና በእንስሳ ሰውነት ያለው ሥራ፤ ስለ ጓያም ጉዳት

በ2012 ዓ. ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ወርዶ በድሬዳዋና በሐረርጌ አገር ያለውን እርሻ እንደ ጎዳ የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ይመጣ የነበረ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስተዋቱን ስለ ሸፈነበት ማረፍ ተስኖት ወደ አዲስ አበባ ለመዞር ተገደደ።

አንበጣ የማሽላን ቅጠል በነከሰ ጊዜ በነካሹም በተነካሹም ሰውነት ውስጥ የሚሠራ አንድ ንጥረ ነገር አለ፤ ስሙም ግሉታሜት ይባላል። ይኸው ንጥረ ነገር በሰው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ታላቅ ሥራ አለው። የጓያ ጉዳት ከምን እንደሚመጣ የሚያስረዳውም እርሱ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ማወቅ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ሳይሆን ሕዝብ ለሚያስተዳድር ሹምና ለባለ እርሻ ሁሉ የሚጠቅም ነው።

1ኛ፤ ግሉታሜት ምን እንደ ሆነ

ግሉታሜት ሥጋና እህል ከተሠሩባቸው ከፕሮቲን ክፍሎች አንዱ ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1866 ሪትሃውዘን የተባለ የጀርመን ኬሚስት ከስንዴ ውስጥ ለይቶ አወጣው። በማናቸውም ሕያው ሕዋስ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ከሕዋሱ ውጭ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሕዋስ ውጭ በድንገት ቢበዛ ወሬ ነጋሪ ይሆናል። ሕዋሳት ይህን ወሬ የሚሰሙበት በገላቸው ላይ የተተከለ በር አላቸው፤ እርሱም የግሉታሜት ተቀባይ ይባላል። በሩ እንደ ታመነ ዘበኛ ነው፤ ግሉታሜት መጥቶ ሲይዘው ይከፈታል፤ ሶዲየምና ካልሲየም የተባሉት ነገሮችም ወደ ውስጥ ገብተው ሕዋሱን ያነቁታል።

2ኛ፤ በእንስሳ ሰውነት

በሰውና በከብት አንጎል አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሁለተኛው መልእክት ሲልክ ከጫፉ ጥቂት ግሉታሜት በልክ ያፈስሳል። የሚቀበለውም በር ከሴኮንድ አንድ ሺኛ በማይበልጥ ጊዜ ይከፈታል። ወዲያው የፈሰሰው ተጠርጎ ይነሣል፤ በሩም ይዘጋል። ትምህርትና ትዝታ፣ እጅና እግርን ማንቀሳቀስም በዚህ ሥራ ይከናወናል። በአንበጣና በሌሎች ነፍሳት ደግሞ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው በግሉታሜት ነው፤ አንበጣ እግሩን ዘርግቶ የሚዘልለው በዚሁ ትእዛዝ ነው።

3ኛ፤ በአትክልት ሰውነት

አትክልት አንጎልም ነርቭም የለውም፤ እንደ እንስሳ ሕመም ይሰማዋል ማለት አይቻልም። ሆኖም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1998 የኒውዮርክ ተመራማሪዎች የእንስሳውን የሚመስሉ የግሉታሜት ተቀባዮች በአትክልት ውስጥ መኖራቸውን ገለጹ። ምርመራው በይበልጥ የተደረገባት አራቢዶፕሲስ የምትባለው ትንሽ ተክል ናት፤ ተቀባዮቹ ግን በሩዝ፣ በቲማቲምና በሌሎችም አዝርዕት ተገኝተዋል።

እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2018 የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፣ ትል ቅጠልን በቈረጠ ጊዜ ከተቀደዱት ሕዋሳት ግሉታሜት ይፈስሳል፤ በአጠገቡ ያሉት ተቀባዮች ይከፈታሉ፤ የካልሲየም ማዕበልም በቅጠሉ ሥሮች በኩል በሴኮንድ አንድ ሚሊሜትር ያህል እየሄደ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወዳልተነኩት ቅጠሎች ይደርሳል። እነርሱም የመከላከያ ንጥረ ነገር ማዘጋጀት ይጀምራሉ።

4ኛ፤ የሁለቱ አንድነትና ልዩነት

የሁለቱ ተቀባዮች አሠራር ተመሳሳይ ስለ ሆነ ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ እንደ ወረዱ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በሰው ዘንድ 18፣ በአራቢዶፕሲስ ዘንድ 20 ዓይነት ናቸው። የእንስሳው ተቀባይ መራጭ ነው፤ ከጥቂቶች በቀር ለሌላ አይከፍትም። የአትክልቱ ግን ከግሉታሜት ሌላ ለብዙ ዓይነት የፕሮቲን ክፍሎች ይከፍታል፤ ሥራውም በቁስል ወሬ ብቻ ሳይወሰን በሥር ማደግና በአበባ ዱቄት ጉዞ ላይም አለበት። የእንስሳው መልእክት እጅግ ፈጣን ነው፤ የአትክልቱ ዘገምተኛ ነው።

ከዚህ አንድ ምክር ይገኛል። ማሽላ ለጥቂት ትል ራሱን ለመከላከል ጊዜ ያገኝ ይሆናል፤ የአንበጣ መንጋ ግን ቅጠሉን ጨርሶ ይሄዳል። ስለዚህ የተክሉ ወሬ ዘገምተኛ ስለ ሆነ የሰው ወሬ ፈጣን መሆን አለበት። ኩብኩባ ክንፍ ሳያወጣ የታየበት ቦታ በዚያው ቀን ለእርሻ ባለሥልጣን ሊነገር ይገባል።

5ኛ፤ ስለ ጓያ

ዝናብ ቢጠፋ ወይም አንበጣ እህሉን ቢጨርስ፣ በደጋው አገር በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ሳይደርቅ የሚተርፈው ጓያ ነው። ድኻው እርሱን በልቶ ክፉውን ቀን ያልፋል። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ የሕንድ ሊቃውንት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 ለይተው አሳወቁት። መልኩ ግሉታሜትን ስለሚመስል በሰው ነርቭ ላይ ያለውን ዘበኛ ያታልለዋል። በሩ ያለ ልክ ይከፈታል፤ ካልሲየም በብዛት ይገባል፤ እግርን የሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ይሞታሉም። ጓያው ግን ነርቭ ስለሌለው መርዙን ተሸክሞ ይለመልማል።

የታመመው ሰው አእምሮው ደኅና ሆኖ ጕልበቱ ይተሳሰራል፤ በበትር ይሄዳል፤ ሲብስም ይድሃል። አንድ ጊዜ ከያዘ የሚፈውሰው መድኃኒት አልተገኘለትም። በይበልጥም ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። በአገራችን የጓያ እንፋሎት ወይም ጭድ ሰውን ይሰብራል ይባላል፤ ምርመራ ያረጋገጠው ግን ጉዳቱ ከሚበላው ፍሬ እንደሚመጣ ነው።

ጥቂት ጓያ ከሌላ እህል ጋራ መብላት ብዙ ጊዜ አይጎዳም። አደጋው ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ የተደረገው ምርመራ ቆልቶ፣ ቀቅሎ ወይም በእሸቱ መብላት አደጋውን እንደሚያበዛ፣ አቡክቶ ማቡካትና ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋራ መቀላቀል ግን እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ከመርዙ ከፊሉን ያስወግዳል።

6ኛ፤ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሊያደርጉት የሚገባ

በድሬዳዋ ዙሪያ የሚዘራው ማሽላና በቆሎ ነው፤ ከተማዪቱ ግን የንግድ አገር ስለ ሆነች ጥራጥሬ ከደጋ ይገባባታል። ጓያ ከተከካ ወይም ከተፈጨ በኋላ ከአተርና ከሽምብራ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራልና፣ ነጋዴ የሚሸጠውን በስሙ እንዲሸጥ መቈጣጠር ይገባል።

በደጋው ያሉ ሹማምንት ደግሞ እህል በጠፋበት ዓመት ሕዝቡ ጓያ ብቻ መብላት ከመጀመሩ በፊት የቀረውን እህል መጠን አስቀድመው ለበላይ ያስታውቁ። የእርዳታው እህል የሚጠቅመው በጊዜው ሲደርስ ነው፤ ጕልበት ከታሰረ በኋላ የሚመጣ ስንዴ ረኃብን ያስታግሳል እንጂ የተሰበረውን አይጠግንም። ጓያን ፈጽሞ መከልከልም ድኻውን የመጨረሻ ስንቁን መንሣት ስለ ሆነ፣ የሚሻለው የሚቀላቅለውን እህል ማቅረብና መርዙ ያነሰ ዘር እንዲያገኝ መርዳት ነው።